በትንሽ በጀት ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ እንዴት ይመረጣል?

ገንዘብ ለማይቸግረው ሰው ግራፊክስ ካርድ መምረጥ ቀላል ነው። ካሉት ውዱን ያነሳል፣ አለቀ። ሥራ የሚበዛበት በጀቱ ጠበብ ያለው ነው። አምራቾች ሜሞሪ የሚቀንሱት፣ መስመር የሚቆርጡት፣ በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ዕቃ የሚያወጡት በዚሁ በርካሹ በኩል ነው። ስሙ አንድ ነው፣ ካርቶኑ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን ሌላ። በዚያ ላይ ይሄ ሰው ተሳስቶ ቢገዛ ነገ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም።

ምክሬ አጭር ነው። የካርዱን ስም ተዉትና ከስሙ ሥር የተጻፈውን ዝርዝር አንብቡ። ዝርዝሩም ብዙ አይደለም፤ ሜሞሪው ስንት ጊጋ ነው፣ የሜሞሪ ባሱ (ዳታ ወደ ሜሞሪውና ከሜሞሪው የሚያልፍበት መንገድ ስፋት) ስንት ቢት ነው፣ ከማዘርቦርዱ ጋር በስንት መስመር ይገናኛል፣ ስንት ዋት ይበላል። እነዚህን አራቱን አይቶ የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁ፤ ካርዱ ላይ የምንደርሰው ሌላውን ነገር ካየን በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ሞኒተራችሁን እዩ፣ የምትጫወቱትን ጻፉ

ካርዱ የሚሠራው ለሞኒተሩ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ሥዕል ነው፤ ካርዱ የሥዕሉን ነጥብ አንድ በአንድ አስልቶ ይቀባል። በተለምዶ 1080ፒ የምንለው፣ 1920 በ1080 የሆነው ስክሪን፣ ወደ 2.1 ሚሊዮን ነጥብ አለው። 2560 በ1440 የሆነው 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። 4ኬ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን፣ የ1080ፒ አራት እጥፍ ማለት ነው። 1080ፒ ላይ ሽው እያለ የሚሄድ ርካሽ ካርድ 4ኬ ላይ ሲወጣ ይንገዳገዳል። በትንሽ በጀት የምትገነቡ ከሆነ 1080ፒ ላይ ብትቆዩ ነው የሚሻለው። ያላችሁ ሞኒተር 1440ፒ ከሆነ ደግሞ ካርዱ ላይ ትንሽ ከፍ ማለት እንዳለባችሁ ከአሁኑ እወቁት።

ቀጥሎ ሄርዙን እዩ። 60 ሄርዝ የሆነ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 በላይ ሥዕል አያሳይም። ካርዱ 140 ፍሬም ቢያመርትም የማውዛችሁ ምላሽ ትንሽ ይፈጥን እንደሆነ እንጂ ዓይናችሁ ላይ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። 144 ሄርዝ ያለው ሰው ነው ለብዙ ፍሬም መክፈል ያለበት፣ እሱም ተኩስና ውድድር የሚወድ ከሆነ።

አሁን ወረቀት አውጡና የምትጫወቷቸውን ጌሞች ጻፉ፤ ልትጫወቱ የምትመኙትን ሳይሆን በእርግጥ ማታ ማታ የምትከፍቱትን። ካውንተር ስትራይክ፣ ቫሎራንት፣ ዶታ፣ ሮኬት ሊግ ከሆኑ ካርዱን ብዙም አያስጨንቁም፣ እንዲያውም የሚጫኑት ፕሮሰሰሩን ነው። ዓለማቸው የሰፋ፣ ታሪክ ያላቸው አዳዲስ ጌሞች ከሆኑ ግን ሜሞሪም ጉልበትም ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ጌም የሚሸጥበት ገጽ ላይ የሚያስፈልገው ካርድ ተጽፏል። «ዝቅተኛ» የሚለውን አትዩት። እሱ ጌሙ ይነሳል ማለት እንጂ ደስ ብሏችሁ ትጫወታላችሁ ማለት አይደለም። «የሚመከር» የሚለውን ነው የምትጽፉት።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩ ካርዱን ይችለዋል?

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። ማዘርቦርዱ ላይ ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ኬብል ሌላ 75 ዋት ይጨምራል፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150። ከዚህ ተነስታችሁ ካርዱ ምን እንደሚፈልግ ማስላት ትችላላችሁ። ስሞቹ እንዳያደናግሯችሁ፣ አርቲኤክስ፣ ጂቲኤክስና ጂቲ የኤንቪዲያ፣ አርኤክስ የኤኤምዲ፣ አርክ የኢንቴል ካርዶች ናቸው። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ስለሆነ ያለ ምንም ኬብል ይሠራል። አርቲኤክስ 4060 115 ዋት ነው፣ አርኤክስ 6600 132 ዋት ነው፣ ሁለቱም ባለ 8 ፒን አንድ ኬብል ይበቃቸዋል። አርክ ኤ750 ግን 225 ዋት ይበላል። አቅሙ ከሌሎቹ ብዙም ሳይርቅ ፍጆታው ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ ስለዚህ ዋጋው ቀነሰ ብላችሁ ስትገዙት ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) መቀየር ሊመጣባችሁ ይችላል።

ኬዙን ክፈቱና ፓወር ሳፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። ትልቁ የዋት ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የ12 ቮልቱ ስንት ይሰጣል የሚለውን ፈልጉ፣ ካርዱ የሚበላው ከዚያ ነውና። ለአርኤክስ 6600 ጥሩ የሆነ 450 ዋት ይበቃል። ለአርቲኤክስ 4060 አምራቹ ራሱ 550 ዋት ይላል። ስም የለሽ ሆኖ «700 ዋት» የሚል ተለጣፊ ያለበት፣ ሲያነሱት ላባ የሚያህል ፓወር ሳፕላይ ካያችሁ እሱን መጀመሪያ ቀይሩ። ካርድ ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ኮምፒውተር ይዞባችሁ ይሄዳል።

ከዚያ ኬብሉን ፈልጉ። የግራፊክስ ካርዱ 8 ፒን ብዙ ጊዜ 6 ሲደመር 2 ሆኖ ይከፈላል። የፕሮሰሰሩ 8 ፒን ደግሞ 4 ሲደመር 4 ነው። ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጉልበት እናስገባ ካላችሁ ዕቃ ታቃጥላላችሁ። የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ የካርድ ኬብል የላቸውም። አንዳንድ ሰው ታዲያ ከሃርድ ዲስኩ የሳታ ኬብል ላይ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አስማሚ ይገዛል። አታድርጉት። የሳታው ማገናኛ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ካርዱ ግን በዚያ በኩል እስከ 150 ሊስብ ይችላል። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው፣ አንዳንዴም እሳት የሚነሳው በዚህ ነው። ኬብል ከሌላችሁ ወይ ፓወር ሳፕላዩን ቀይሩ ወይ ያለ ኬብል የሚሠራ ካርድ ፈልጉ።

ሜትርም ያዙ። ከኬዙ የኋላ ግድግዳ እስከ ፊት ለፊት ፋኑ ድረስ ለኩና የካርዱን ርዝመት ከአምራቹ ገጽ ላይ በሚሊሜትር አነጻጽሩ። ውፍረቱንም አትርሱ። ቀጭን የቢሮ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ፣ «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው።

አሁን ሻጭ ወደማይነግራችሁ ነገር እንምጣ፤ መስመሩ። ካርዱ የሚሰካበት መሰኪያ ሲታይ ረጅም ነው፣ ካርዱም ሙሉውን የሚጠቀም ይመስላል። ግን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በ4 መስመር ብቻ ነው የሚገናኘው። ፒሲአይኢ 4.0 (ቁጥሩ የመሰኪያው ትውልድ ነው) ያለው ማዘርቦርድ ላይ ይሄ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ያስኬዳል። ፒሲአይኢ 3.0 ላይ ግን በግማሽ ይወርዳል፣ የካርዱም ሜሞሪ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ቶሎ ሞልቶ ወደ ራሙ ይመላለሳል፣ በዚያች በጠበበች መንገድ። ውጤቱ ጌሙ በየመሃሉ መቆራረጡ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄን ርካሽ ካርድ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ አሮጌ ማዘርቦርድ ያለው ሰው ነው። የሚያናድደው እሱ ነው። አርኤክስ 6600፣ አርኤክስ 7600 እና አርቲኤክስ 4060 በ8 መስመር ስለሚገናኙ አሮጌ ቦርድ ላይ የሚያጡት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

የእናንተ ስንተኛው ነው? የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ እስከ 10ኛው ትውልድ ድረስ 3.0 ነው። ከኤኤምዲው ራይዘን በኩል ቢ450 ማዘርቦርድ 3.0 ነው፣ ቢ550 ከተለመደው ራይዘን 5000 ጋር 4.0 ይሰጣል። ራይዘን 5600ጂ ግን ቢ550 ላይ ቢሆንም 3.0 ነው፤ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

ስለ ፕሮሰሰሩ ረጅም ነገር አልልም። አሁን ያላችሁ ካርድ ላይ አንድ ጌም ክፈቱና የፍሬሙን ቁጥር እዩ፣ ከዚያ ሪዞሉሽኑን ወደ 720ፒ አውርዱት። ፍሬሙ ከጨመረ ወደ ኋላ የያዛችሁ ካርዱ ነው። ከነበረበት ንቅንቅ ካላለ ፕሮሰሰሩ ነው፣ አዲስ ካርድ ብትገዙም ያው ነው የሚሆነው። ራማችሁ አንድ ዱላ ብቻ ከሆነም ሁለተኛ መጨመር በትንሽ ገንዘብ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ደረጃ 3፦ ሜሞሪው

የዛሬ አዳዲስ ጌሞች 1080ፒ ላይ እንኳ ከ6 ጊጋ በላይ መጠየቅ ጀምረዋል። ስለዚህ እንዲህ ያዙት፦ 4 ጊጋ ለቀላል ጌም ብቻ፣ 6 ጊጋ እየተጨናነቁ፣ 8 ጊጋ ዛሬ መነሻው፣ 12ና ከዚያ በላይ ፈታ ለማለት።

ሜሞሪ ሲያጥር ምን እንደሚሆን ማወቅ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ካርዱ ደካማ ከሆነበት ጋር ምልክቱ ይለያል። ካርዱ ደካማ ከሆነ ፍሬሙ በእኩል ዝቅ ይላል፣ ሴቲንጉን ስትቀንሱለት ይስተካከላል። ሜሞሪው ከሞላ ግን አማካዩ ፍሬም ጥሩ ሆኖ ሳለ ዞር ስትሉ ወይ አዲስ ቦታ ስትገቡ ስታክ ያደርጋል። አንዳንዱ ጌም ደግሞ ዝም ብሎ የግድግዳውንና የፊቱን ሥዕል ያደበዝዘዋል፤ ፍሬሙ ጥሩ ነው፣ የምታዩት ግን ጭቃ ነው። ሜሞሪ በቂ ሲሆን በተቃራኒው ቴክስቸሩን (ግድግዳው፣ ፊቱ ላይ የሚለጠፈውን ሥዕል ጥራት) ወደ ላይ ብታደርጉት ፍሬም የሚቀንስባችሁ ከቁጥር የማይገባ ነው። ከሁሉም ሴቲንግ በርካሽ ውበት የሚሰጠው እሱ ነው። ለዚህ ነው ለሜሞሪ የምሟገተው።

ግን ሜሞሪ ብቻውንም አይበቃም። «4 ጊጋ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ጂቲ 730 አለ። ቺፑ እጅግ ደካማ ነው፣ ሜሞሪውም ብዙውን ጊዜ ዲዲአር3 የሚባለው ዘገምተኛ ዓይነት ነው። ያ 4 ጊጋ ጌም ላይ ምንም አይጠቅማችሁም። ጂቲ 1030ም ሁለት ዓይነት ነው፤ ጂዲዲአር5 የሆነው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ዲዲአር4 የሆነው 17 እንኳ አይሞላም። ስማቸው ግን አንድ ነው።

ደረጃ 4፦ በአንድ ስም የሚሸጡትን ለዩ

ዋናዎቹን በስማቸው ልጥቀስላችሁ።

አርቲኤክስ 3050። በ2022 የወጣው ባለ 8 ጊጋው 2560 ኮር (ቺፑ ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች)፣ 128 ቢት ባስ አለው። በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው 2304 ኮር፣ 96 ቢት ነው። ልዩነቱ ሁለት ጊጋ ይመስላል፣ ግን ቺፑም ተቆርጧል፣ መንገዱም ጠቧል፣ ፍጥነቱም ወርዷል።

አርቲኤክስ 3060። የመጀመሪያው 12 ጊጋና 192 ቢት ነው። በኋላ የመጣው 8 ጊጋና 128 ቢት። ሜሞሪው በሰከንድ የሚያስተላልፈው ከ360 ጊጋባይት ወደ 240 ወርዷል፣ ጌሙ ላይም በግልጽ ይታያል። 3060 የምትሉ ከሆነ ባለ 12ቱን ብቻ።

ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋው ከባለ 6ቱ በሜሞሪ ብቻ ሳይሆን በኮርም ያነሰ ነው፤ 1152 እና 1280። አርኤክስ 580ም «2048 ኤስፒ» የሚባል ዘመድ አለው። ዋናው 2304 አለው፣ ይሄኛው ግን ውስጡ ከ570 ጋር ይቀራረባል። ማስታወቂያ ላይ ያቺ 2048 የምትለዋ ቁጥር ብዙ ጊዜ አትጻፍም።

መፍትሔው አንድ ነው። ካርቶኑ ጎን ላይ ወይም ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ረጅሙን የሞዴል ቁጥር እንዳለ ገልብጡና የአምራቹ ገጽ ላይ ፈልጉት። ሻጩ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ለመላክ ካንገራገረ እለፉት።

ደረጃ 5፦ የፍተሻ ቁጥሮችን እንዴት እናንብብ

ቪዲዮና ሰንጠረዥ ሞልቷል። አነባበቡን ካላወቃችሁት ግን ያሳስታችኋል።

አማካዩን ፍሬም ብቻ አትዩ። ከጎኑ «1 በመቶ ዝቅተኛ» የሚል ቁጥር አለ፤ ጌሙ በጣም በሚከብድበት ሰዓት ፍሬሙ የት እንደሚወርድ የሚናገር ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት እያንዳንዱ ሥዕል በ16.7 ሚሊሰከንድ ይደርሳል ማለት ነው። አማካዩ 75 ሆኖ ዝቅተኛው 25 የሆነ ካርድ፣ አማካዩ 65 ዝቅተኛው 52 ከሆነው ይልቅ ያናድዳል። እጃችሁ የሚያውቀው ያንን ዝቅተኛውን ነው።

ከዚያ ፍሬም ጀነሬሽን ተከፍቶ እንደሆነ እዩ። ይሄ ካርዱ በሁለት እውነተኛ ሥዕሎች መሃል ሌላ ሥዕል እየፈጠረ የሚያስገባበት ዘዴ ነው። ቁጥሩ ያብጣል፣ የማውዛችሁ ምላሽ ግን በእውነተኛው ፍሬም ላይ ነው የሚቆመው። 30 የነበረውን 60 ቢያስመስለው ስትጫወቱ 30 መሆኑ ይታወቃችኋል። እውነተኛው ፍሬም 60 ከደረሰ በኋላ ለማለስለስ ጥሩ ነው። ካርድ ለማወዳደር ግን ተዘግቶ የተለካውን ብቻ ውሰዱ። የአምራቾች የራሳቸው ሰንጠረዥ ላይ ብዙውን ጊዜ ተከፍቶ ነው የሚለካው።

አፕስኬሊንግ ሌላ ነው። ጌሙን በትንሽ ሪዞሉሽን ሠርቶ ያሳድገዋል። የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስ አርቲኤክስ በሆኑት ላይ ብቻ ይሠራል፣ የኤኤምዲው ኤፍኤስአር ከቅርብ ጊዜው 4ኛው በስተቀር በሁሉም ካርድ ማለት ይቻላል ይሠራል፣ የኢንቴሉ ኤክስኢኤስኤስም አለ። 1080ፒ ላይ «ኳሊቲ» ስትሉት ጌሙ ከ1280 በ720 ተነስቶ ነው የሚያድገው። ከዚህ ዝቅተኛ መነሻ የዲኤልኤስኤስ ሥዕል ጠርቶ ይወጣል፣ አሮጌዎቹ ኤፍኤስአሮች ግን ፀጉርና ቅጠል ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ሁለት ካርዶች በሁሉም ነገር እኩል ቢሆኑብኝ ይሄ ለኤንቪዲያው ያዳላኛል። እኩል ካልሆኑ ግን አያዳላኝም።

ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃንና ነጸብራቅን እንደ እውነተኛው የሚያሰላው ዘዴ) በርካሽ ካርድ ላይ ለማየት ብላችሁ አትክፈሉ። ያም ሆኖ ካርዱ ጨርሶ የማይደግፈው መሆን የለበትም፤ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ያለሱ አልነሳም የሚሉ ትልልቅ ጌሞች መጥተዋል። ይሄ ጂቲኤክስ የሚል ስም ያላቸውን ሁሉና እስከ አርኤክስ 5000 ያሉትን የኤኤምዲ ካርዶች ያስቀራል።

ደረጃ 6፦ ከካርዶቹ ውስጥ ምረጡ

ቀላል ሒሳብ አለ። የካርዱን ዋጋ ለአማካይ ፍሬሙ አካፍሉ። አንዱ ዋጋው 100 ሆኖ 60 ፍሬም ቢሰጥ አንድ ፍሬም 1.67 ይደርሳል። ሌላው 130 ሆኖ 85 ቢሰጥ 1.53። ሁለተኛው ውድ ቢመስልም በእርግጥ ርካሹ እሱ ነው። ፍሬሙን የምትወስዱት ግን ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችኋቸው ጌሞች እንጂ ከማታውቋቸው አይሁን።

ያለ ኬብል መሥራት ግዴታችሁ ከሆነ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ጥሩ ነው፤ ከላይ የወቀስኩት ስሙን እንጂ ሥራውን አይደለም። ጂቲኤክስ 1650ም ለዚህ ይሆናል፣ ግን 4 ጊጋ ስለሆነ ለቀላል ጌም ብቻ። ሲገዙ ኬብል የማይጠይቀው ዓይነት መሆኑን እዩ፣ ሁሉም አይደሉምና።

ኬብሉ ካለና ገንዘቡ ጠበብ ካለ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው አርኤክስ 6600ን ነው። በ2021 የወጣ ነው፣ ግን 8 ጊጋ አለው፣ ኤሌክትሪክ አይጨርስም፣ 1080ፒን በደንብ ይይዛል። ከአርቲኤክስ 3050 ከሁለቱም ዓይነት በግልጽ ይፈጥናል። ስሙ ስላልጮኸለት ብቻ ብዙ ጊዜ ከሚገባው ባነሰ ዋጋ ይገኛል።

ትንሽ ከፍ ካላችሁ አርክ ቢ580 አለ፤ በ2024 መጨረሻ የወጣ፣ 12 ጊጋ፣ 192 ቢት። በወረቀት ላይ በዚህ ክልል ከሱ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል። ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። ሪሳይዘብል ባር የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲደርስበት የሚያደርገው ነገር፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሴቲንግ) ላይ መከፈት አለበት፣ ይሄም ከኢንቴል 10ኛ ትውልድና ከራይዘን 3000 ወዲህ ባሉት ላይ ነው የሚገኘው። ሁለተኛ ደግሞ ከደከመ ፕሮሰሰር ጋር ሲጣመር ፍሬሙ በጣም ይወርዳል። አዲስ ፕሮሰሰር ካላችሁ ውሰዱት፣ አሮጌ ከሆነ ተዉት።

አርቲኤክስ 4060፣ አርኤክስ 7600፣ አርቲኤክስ 5060 ሁሉም 8 ጊጋ ናቸው፤ ለ1080ፒ ጥሩ ካርዶች ናቸው፣ ግን ለብዙ ዓመት ልያዘው ለሚል ሰው ሜሞሪያቸው ያሳስበኛል። አርኤክስ 9060 ኤክስቲ ባለ 16 ጊጋው ላይ መድረስ ከቻላችሁ ያ ስጋት የለም። ባለ 8ቱም በዚያው ስም ስለሚሸጥ ግን ደረጃ 4ን አትርሱ።

ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 1060ና 1070ን የመሰሉትን በተመለከተ፣ ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ ለአዳዲስ ጌሞች የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የቀራቸው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። በእጃችሁ ካለ ተጫወቱበት። ዛሬ ከኪስ አውጥቶ መግዛት ግን አይመከርም።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ ካርድ መግዛት የሚያስፈራ ነገር አይደለም፣ በትንሽ በጀት ጥሩ ካርድ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። «ማይኒንግ ላይ ነበረ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተለምዷል፤ ማይኒንግ ማለት በካርዱ ዲጂታል ገንዘብ ማምረት ነው። ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2022 ላይ በካርድ መመረቱ ስለቆመ በዚያ ጊዜ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ወጥቷል። ማይኒንግ ቺፑን ይገድለዋል ማለት አይደለም። የሚጎዱት ፋኑ፣ የሙቀት ቅባቱና ሜሞሪው ናቸው። ስለዚህ ታሪኩን ከመጠየቅ ይልቅ ካርዱን ፈትኑት።

በመጀመሪያ በዓይን። ወርቃማው የመሰኪያ ጥርስ የተቃጠለ ወይም የተፋቀ አለመሆኑን፣ ብሎኖቹ ላይ ዝገት፣ ቦርዱ ላይ የጠቆረ ቦታ አለመኖሩን እዩ። አሽትቱትም፣ የተቃጠለ ዕቃ ሽታው አይለቅም። ፋኖቹን በጣት ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መፋተግ የለበትም።

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይታይ። ጂፒዩ-ዜድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ክፈቱትና የቺፑን ስም፣ የኮሩን ብዛት፣ ሜሞሪውንና ባሱን ከአምራቹ ገጽ ጋር አስተያዩ። አሮጌ ጂቲኤስ 450 ካርድ ባዮሱ (በካርዱ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብሎ የሚሸጥበት ሁኔታ አለ። ዊንዶውስ ስሙን አምኖ ያሳያችኋል፣ ጂፒዩ-ዜድ ግን ብዙዎቹን ፎርጅድ መሆናቸውን ያጋልጣል።

ስሙ ከተረጋገጠ ከበድ ያለ ጌም ወይም እንደ ሱፐርፖዚሽን ያለ መፈተኛ ለ20 ደቂቃ አስኪዱ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ችግር ያለበት ካርድ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ከሞቀ በኋላ ነው። ሙቀቱ ከ60ዎቹ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ላይ ከቆመ ደህና ነው። ወደ 90 እየገሰገሰ ፍጥነቱ እየወረደ ከሄደ ቢያንስ ቅባቱ መቀየር አለበት፣ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች፣ መስመሮች፣ ወይም የሚዘረጉ ሦስት ማዕዘኖች ካያችሁ ግን ሜሞሪው ወይ ቺፑ ተጎድቷል፤ በምንም ዋጋ አትውሰዱት። የሞኒተር መሰኪያዎቹንም አንድ በአንድ ሞክሩ። ሻጩ ይሄን ሁሉ አላሳይም ካለ ሌላ ሻጭ አለ።

ደረጃ 8፦ መግጠምና የመጀመሪያው ቀን

ከአሮጌው ካርድ ወደ ሌላ አምራች ካርድ የምትሸጋገሩ ከሆነ አሮጌውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው የማጽጃ ፕሮግራም አጽዱት። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፉና ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ካርዱን ለፕሮሰሰሩ ቅርብ በሆነው ረጅም መሰኪያ ላይ አስገቡ፣ መያዣው ቀጭ ሲል ትሰማላችሁ። የኤሌክትሪክ ኬብሉም እስከ መጨረሻው ገብቶ ቀጭ ይበል፤ ግማሽ የገባ ኬብል ይሞቃል።

የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። «አዲስ ካርድ ገዝቼ ምንም ለውጥ የለም» ከሚሉት ብዙዎቹ ገመዱ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ እየተጫወቱ ነው። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ የሞኒተሩን ሄርዝ እዩ፤ 144 የሚችል ሞኒተር ብዙ ጊዜ 60 ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ባዮስ ገብታችሁ ራሙ በሙሉ ፍጥነቱ መሥራቱን፣ ሪሳይዘብል ባርም ካለ መከፈቱን አረጋግጡ።

ያን ቀኑን ያንኑ የ20 ደቂቃ ፈተና ድገሙት፣ አዲስ ካርድ ቢሆንም። ካርቶኑን፣ ደረሰኙንና ትንንሾቹን ክዳኖች የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አትጣሉ።

ጌም ውስጥ ገብታችሁ ፍሬሙ ካነሰ ሁሉንም ሴቲንግ አንዴ ወደ «ሎው» አታውርዱ። መጀመሪያ ጥላውን ቀንሱ፣ ቀጥሎ ነጸብራቁንና የጭጋጉን ጥራት፣ ከዚያ የሩቅ ዕይታውን። ቴክስቸሩን የምትነኩት ሜሞሪው ከሞላ ብቻ ነው። ፍሬሙን ደግሞ ከሞኒተራችሁ ሄርዝ በትንሹ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት፤ 60 ሄርዝ ላይ 58 ወይም 59። ካርዱ ያለ ጥቅም አይሮጥም፣ ፋኑም አይጮህም።